ሦስት ችካል ሲቀር

ግቢዋ ውስጥ ሦስት ባዶ የፈረስ ማሰሪያ ችካል ብቻ ሲቀር ዋጋውን መስቀል እንዳለባት ለዚያች ሴት ማን ነገራት? ይህን ጥያቄ ይዤው አርጅቻለሁ። ፊደል አልቆጠረችም። የሚመክራት ነጋዴ አባት አልነበራትም። ደጇ ላይ ዱላዋን ተደግፋ ትቆማለች፣ የሚመጣውን ፈረሰኛ ከሩቅ ታየዋለች፣ አጠገቧ ሲደርስ አንድ ዋጋ ትጠራለች። ሰውየው ያጉረመርማል፣ ይስቃል፣ ይከፍላል። እኔ ከመንገዱ ወዲህ በአጥራችን ቀዳዳ የጠራችውን እሰማለሁ። ዋጋው ውድ መሆኑ አልነበረም የሚያንገበግበኝ፤ ትክክል መሆኑ ነበር።

ይህ የሆነው ጎባ ነው፤ በንጉሡ ዘመን፣ ከተማችን የባሌ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በነበረችበት ጊዜ። የጭነት መኪና አልፎ አልፎ ይመጣል እንጂ አገሩ የሚንቀሳቀሰው በፈረስና በበቅሎ ነበር። ገበያ ቀን ጉሙ ሳይገለጥ ጀምሮ ከሮቤ በኩል፣ ከገሰራ በኩል፣ ከተራራው ሥር ካሉት መንደሮች እየተግተለተለ ይገባል። ግማሹ ገበያተኛ ነው፤ ግማሹ ባለጉዳይ። ባለጉዳይ የምንለው ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለውን ነው። ገበያተኛው ቅቤውን እስኪሸጥ፣ ባለጉዳዩ ስሙ እስኪጠራ፣ የመጡበት እንስሳ አንድ ቦታ መታሰር አለበት። ከገበያው በታች ባሕር ዛፉ ሥር በነጻ ማሰር ይቻላል። እዚያ ግን ኮርቻ ይሰረቃል፣ ድንጉላ ከድንጉላ ይራገጣል፤ ዝናብ ከመጣማ ኮርቻው እንደ ስፖንጅ ውሃ ጠጥቶ ይቆያል። ስለዚህ ከመንገዱ ዳር ግቢ ያለን ሰዎች ችካል ተክለን፣ ድርቆሽ አቅርበን፣ እንስሳ እየጠበቅን ሳንቲም እንቀበል ነበር። በሰፈሩ ሦስት ግቢ ነበር። አንዱ የእናቴ፣ ሁለተኛው ፊት ለፊታችን ያለው የማዶዋ ሴት፣ ሦስተኛው ፍርድ ቤቱ አጠገብ ያለው የማመልከቻ ጸሐፊው።

አባቴ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቀለም ሲነክር ይውላል፤ ለሴት ልጅ ግን ፊደል ምን ይሠራላታል ይል ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ሞተ። ከአርባው በኋላ እናቴን፣ «ትምህርት ቤት ልግባ» አልኳት።

«ግቢው እስካበላን ድረስ ግቢ» አለችኝ። «ግቢው ባዶውን ከዋለ ግን ደብተርሽን ጣራው ላይ ሰክተሽ ማጀት ትገቢያለሽ። ነግሬሻለሁ።»

እናቴ የተናገረችውን አትረሳም። አንደኛ ክፍል የገባሁት ከሰባትና ከስምንት ዓመት ሕፃናት ጋር ነው፤ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አይገባም ነበር። ገበያ ቀን ጠዋት ደጃችን ላይ ቆሜ እንስሳ እቀበላለሁ፤ መምህሩ ያንን ፈቅዶልኛል። ችካላችን ሃያ ነበር። አሥራ አምስቱ ከሞላ ትምህርቴ ለሳምንት ዋስትና አገኘ ማለት ነው። አምስት ብቻ የታሰረበት ቀን ግን እናቴ ራት ላይ አታናግረኝም።

የማዶዋ ሴት ከእኔ በአሥር ዓመት ብትበልጥ ነው። የአገሩ ተወላጅ፣ ሙስሊም፣ ባሏ የጫካ ቡና ሊያመጣ ሃረና ወርዶ ሳምንታት የሚከርም። ከፈረሰኞቹ ጋር በኦሮምኛ፣ ከቢሮ ሰዎች ጋር በአማርኛ ታወራለች፤ በሁለቱም ታስቃለች። ፈረሰኞቹ «አዴ» ይሏታል፣ እንደ እናት መሆኗ ነው። እኔ እትዬ እላታለሁ። እሷ ደግሞ እኔን «ተማሪዋ»። በክፋት አልነበረም፤ እኔ ግን ሁልጊዜ እንደ ስድብ ነበር የምሰማው።

እናቴ ግን ልጄ ትላት ነበር።

እኔን «አንቺ» ነው የምትለኝ። «አንቺ፣ ውሃ አምጪ። አንቺ፣ በሩን ዝጊ።» ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ነጠላዋን ታጣፋና መንገዱን ተሻግራ ማዶ ትቀመጣለች። ሳቃቸው እስከ እኛ ቤት ይሰማል። ስትመለስ ፊቷ ላይ የሚቀረውን ፈገግታ አየዋለሁ፤ ደጃችንን ስትሻገር ይጠፋል። «አየሻት? እሷኮ ሰው ታውቃለች። አንቺ በመጽሐፍ የምትፈልጊውን እሷ በዓይኗ ታገኘዋለች።» እንዲህ ነበር የምትለኝ።

ስለዚህ በአጥሩ ቀዳዳ ማየት ጀመርኩ። ባያት፣ ብለካት፣ ምሥጢሯን ብደርስበት፣ እኔም እንደ እሷ የምሆን መሰለኝ። ያየሁትን አሁንም አስታውሳለሁ። እናቴ በሁሉም ቀን ለበቅሎም ለፈረስም አሥር ሳንቲም ነበር የምትቀበለው። እሷ ግን ጉሙ ሳይገለጥ ለሚደርሱት፣ ቀኑን ሙሉ ለሚያስቀምጡት፣ አምስት ሳንቲም ትላቸዋለች፤ በዚያ ሰዓት ግቢው ባዶ ነውና። ፀሐይ ስትወጣ አሥር። ከበሩ አጠገብ ያሉትን ችካሎች፣ ሰው በሚራገጡ ፈረሶች መካከል ሳያልፍ የሚወጣባቸውን፣ አሥራ አምስት። ዝናብ ሲያስገመግም ስሙኒ፤ ለኮርቻ የሣር ዳስ ያላት እሷ ብቻ ነበረች። የበዓል ቀን፣ ችሎት በማይኖርበት፣ ትቀንሳለች። ሦስት ችካል ሲቀር ደግሞ ሽልንግ ትላለች! ሽልንግ ማለት ሃምሳ ሳንቲም ነው። በዚያ ጊዜ በሃምሳ ሳንቲም ምን ያህል ነገር እንደሚገዛ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ያንን ሽልንግ ከሚከፍሉት አንዱ ከገሰራ የሚመጣ ባለጉዳይ ነበር፤ ሽማግሌ፣ ረዥም፣ ዳማ በቅሎ ያለው። የመሬት ክርክር ነበረበት። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ምንም ቢነሳ ረፋዱ ላይ ነው የሚደርሰው፤ የሚመጣውም ችሎት በሚበዛበት ቀን ነውና ያን ጊዜ ሁሉም ግቢ ሞልቷል፣ ከእሷ ሦስቱ ችካል በቀር። ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ሲነታረኩ እሰማለሁ።

«አዴ፣ ችካልሽ የወርቅ ነው እንዴ? ሽልንግ?»

«የወይራ ነው፤ እኔ የምሸጥልህ ችካሉን አይደለም። ባዶውን ነው። በዚህ ሰዓት ጎባ ላይ ሌላ ባዶ ካገኘህ ሂድ፣ መንገዱ ያውልህ።»

«ወላሂ፣ ከጠበቃዬ አንቺ ትብሻለሽ።»

«ጠበቃህ ድርቆሽ አያበላልህም።»

ይስቃሉ። ልጓሙን ይሰጣትና ጋቢውን እየሰበሰበ ወደ ፍርድ ቤቱ ይሮጣል። እኔ በቀዳዳው እያየሁ፣ ይህ ብዝበዛ ነው እላለሁ። ያንኑ የመሰለ ችካል ጠዋት ለሌላው በአምስት ሳንቲም ሰጥታዋለች። አንድ ችካል፣ አንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት በቅሎ፣ አሥር እጥፍ! ሦስተኛ ክፍል ደርሼ ማባዛት ተምሬ ነበርና አሥር እጥፍ የሚለው ቃል ደስ ይለኝ ነበር።

መጀመሪያ በግልጽ ልወዳደራት ሞከርኩ። ሣንቃ አግኝቼ ላግኩት፣ ቀለም ከትምህርት ቤት ለመንኩ፣ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩበት፤ በቅሎ አሥር ሳንቲም፣ ፈረስ አሥር ሳንቲም፣ አህያ አምስት ሳንቲም፣ ለሁሉም እኩል። ደጃችን ላይ ሰቀልኩት። ሰው እኩልነቱን አይቶ ወደ እኛ ይጎርፋል ብዬ ነበር።

በማግሥቱ ገበያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፈረሰኞች መጡ፤ ሣንቃውን ሲያዩ ልጓማቸውን ሳቡ። አንዱ፣ ወዳጃችን፣ ሁልጊዜ ከእኛ የሚያስር ሰው፣ ከፈረሱ ሳይወርድ በዱላው ጫፍ ወደ ጽሕፈቱ ጠቆመ።

«ምንድን ነው ይኼ? ኬላ ተደረገ?»

«ኧረ አባባ፣ ዋጋ ነው።»

«የማን ዋጋ? የመንግሥት?»

«የኛ ነው፤ ያው የድሮው አሥር ሳንቲም።»

«የእናንተ ከሆነ ለምን ይጻፋል?» አለ ዓይኑን አጥብቦ። «በአፍሽ ንገሪኝ፣ አንቺ ልጅ። የተጻፈ ነገር ኋላ መዘዝ አለው።»

ሳስረዳው ከኋላው የመጡት ሦስት ሰዎች ነገሩን ሳይሰሙ ፈረሳቸውን አዙረው ነበር። ባሌ ውስጥ በዚያ ዘመን ደጅ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ማለት ግብር ነው፣ ቀረጥ ነው፣ መጥሪያ ነው፤ ለገበሬው መልካም ነገር ተጽፎለት አያውቅም። ይህን ያህል ዓመት እዚያው ተወልጄ ኖሬ ይህን አላሰብኩም። ሰው ሁሉ ማዶ ገባ። እሷ ከደጇ ላይ ሆና እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ተማሪዋ፣ አውርጂው እባክሽ! በቅሎዎቹ እንኳ ደነገጡ!» አለች። ፈረሰኞቹ ሳቁ። እናቴም ሳቀች። ከኋላዬ በር ላይ ቆማ ነበር። የማዶዋን ሴት ሳቅ በቻልኩ ነበር፤ የእናቴን ግን አልቻልኩም።

በዚያ ሳምንት እናቴ ራት ላይ እንዲህ አለች። «ሁለት ወር እንዲህ ከሆነ አንቺ፣ ደብተሩ ይሰቀላል።»

አሁን ስለ ማመልከቻ ጸሐፊው መናገር አለብኝ። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ጃንጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ለባለጉዳይ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ነው። በከተማው እንደ እሱ ያለ የእጅ ጽሕፈት አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጀርባው ቆሜ እመለከት ነበር፤ የ«ለ»ን እግር እንዴት እንደሚያስረዝም፣ መስመሩን እንዴት እንደሚያቃና። ጽፎ ሲጨርስ ለባለጉዳዩ ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ «ለተከበረው» ብሎ ጀምሮ «በደሌ ታይቶልኝ» እስኪል እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ። ማታ ደብተሬ ላይ የእሱን ፊደል እገለብጣለሁ። አንድ ቀን ቀና ብሎ፣ «አንቺ ልጅ፣ ጥላሽ ቀለሜን አቀዘቀዘው» አለኝ፤ ግን አላባረረኝም።

ከሣንቃው ውርደት በኋላ ከደብተሬ አንድ ቅጠል ቀድጄ ለማዘጋጃ ቤቱ ሹም ጻፍኩ። በከተማችን የእንስሳ ማቆያ ግቢ ያላት አንዲት ሴት ለአንድ ችካል በአንድ ቀን አራት ዓይነት ዋጋ እየጠየቀች ከሩቅ አገር የሚመጣውን ምስኪን ባለጉዳይ እየመዘበረች ስለሆነ፣ ዋጋው ለሁሉም እኩል እንዲሆን። ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት። ነቁጧ ሳትዛነፍ። ስም አልጻፍኩም፤ «ለፍትሕ የሚቆረቆር ነዋሪ» አልኩ። የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ በር ላይ ሳይኖር በመስኮቱ አስገብቼው ሄድኩ። ስመለስ የሮጥኩት በፍርሃት ብቻ አልነበረም። ያማረ ነገር ጽፌ ነበር።

ከወር በኋላ ትእዛዝ ወጣ። ማኅተም ያለበት ወረቀት በሦስቱም ግቢ በር ላይ ተመታ፤ የእንስሳ ማቆያ ዋጋ በማናቸውም ሰዓት፣ ለማንኛውም ሰው፣ አሥር ሳንቲም፤ ከዚያ በላይ የጠየቀ ይቀጣል። የእኔ ሣንቃ ማለት ነው፣ ማኅተም ተጨመረበት እንጂ። እናቴን በጎን አየኋት። ወረቀቱን እንዳነብላት ጠየቀችኝ፤ አነበብኩላት። «ምስኪን ልጄ» አለች። ወደ ማዶ እያየች ነበር።

በመጀመሪያው ገበያ ቀን ፀሐይ ሳትወጣ ሁሉም ግቢ ሞላ። የእኛም ሃያው ችካል። ደስ አለኝ፤ ትምህርቴ ተረፈ። ነገር ግን እነማን ናቸው የሞሉት ብዬ ስመለከት፣ ቀድሞ ባሕር ዛፉ ሥር ያስሩ የነበሩት፣ ቀኑን ሙሉ ጠጅ ቤት የሚውሉት ነበሩ፤ ሁለት ቤት ርቆ የሚኖር ባለሱቅ ሳይቀር አህያውን ለቀኑ አቁሟል። የማዶዋ ዳስና የበሩ ችካል በአሥር ሳንቲም ተገኘ ሲባል ሁሉም መጣ፣ እሷ ጋ ቦታ ያጣው ወደ እኛ ተረፈ፤ ርካሽ ሲሆን ጊዜ ማን ይጣደፋል? ረፋዱ ላይ አንድም ባዶ ችካል ጎባ ውስጥ አልነበረም።

ረፋዱ ላይ የገሰራው ሽማግሌ መጣ።

በቅሎው አረፋ ደፍቃለች። በቀጥታ ወደ ማዶዋ ሴት ሄዶ ገና ሳይወርድ ሽልንጉን በእጁ ይዞ ዘረጋላት። ራሷን ነቀነቀች። ወደ ውስጥ አሳየችው። ሙሉ ነው።

«አንድ አውጪልኝ፣ አዴ። ሁለት ሽልንግ እሰጣለሁ። ዛሬ የመጨረሻ ቀጠሮዬ ነው።»

«ብቀበልህ እቀጣለሁ፤ ባወጣስ የማንን አወጣለሁ? ሁሉም እኩል ከፍሏል።»

ወደ እኛ ዞረ። «ልጄ፣ እባክሽ?» አለኝ። ሃያው ሞልቷል። «የለም፣ አባባ» አልኩት። ወደ ጸሐፊው ግቢ በቅሎዋን እየጎተተ ሮጠ፤ ያም ሞልቷል። ተመልሶ ባሕር ዛፉ ሥር ወረደ፤ እዚያ ኮርቻውን የሚጠብቅለት ሰው ሲፈልግ ቆየ፤ ኮርቻው ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የሚበልጥበት ነበር። ችሎት ሲደርስ ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ፣ መልስ ጠፍቶ፣ መዝገቡ ተዘግቶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የማዶዋ ሴት ደጅ ላይ ባለው ድንጋይ ተቀምጦ አየሁት። አልጮኸም፣ ማንንም አልረገመም። ሽልንጉን በመዳፉ እያገላበጠ፣ «ዋጋው ረከሰ፤ ቦታው ጠፋ» አለ። እሷ ውሃ አመጣችለት። እናቴ ከጎኑ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። እኔ በቀዳዳው ነበርኩ። ሽልንጉ ብዝበዛ ብቻ እንዳልነበረ፣ የቸኮለ ሰው ሲመጣ አንድ ቦታ ባዶ ሆኖ እንዲጠብቀው የሚያደርገው እሱ እንደነበረ፣ ያኔ ገባኝ። ለጥቅሟም ቢሆን፣ ሳታውቀውም ቢሆን። ለማንም ግን አልተናገርኩም። መረዳቴ ራሱ አናደደኝ፤ እሷ ሳትማር የምታውቀውን እኔ ለመማር የሰው መሬት አስከፈልኩ።

ማን ጻፈው የሚለው ጥያቄ የተነሳው በዚያው ሳምንት ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ጽሕፈቱን አይቶት ኖሮ፣ «እንዴት ያለ እጅ መሰላችሁ! ቃላቱማ እንደ ዳዊት ነው» ብሎ አወራ። የማዶዋ ሴትና እናቴ ተያዩ። በከተማው እንዲህ የሚጽፍ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ግቢ አለው።

«ሌላ ማን አለ እንዲህ አሳምሮ የሚጽፍ?» አለች እናቴ። «እጁ ይድረቅ!»

ይህ ለማመን የሚከብድ ነው፤ ግን እውነቱን ልጽፍ ነው የተቀመጥኩት። በዚያች ሰዓት ከፍርሃት በፊት የተሰማኝ ቅናት ነበር። ሦስት ጊዜ የገለበጥኩት፣ ከሕይወቴ የመጀመሪያው ያማረ ሥራዬ፣ ለእሱ ተሰጠ። ማንም፣ እናቴ እንኳ፣ ለአንዲት ደቂቃ እኔን አልጠረጠረችም። እዚያው ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር፤ አንድ ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። እጄን ከምስሩ ውስጥ አወጣሁና ነጠላዬ ሥር ደበቅኩት።

ጸሐፊው ሲጠየቅ ተቆጣ። «እኔ ብጽፈው ኖሮ ስሜን እፈርምበት ነበር!» አለ። ማንም አላመነውም። ሁለቱ ሴቶች ሰላምታ ነፈጉት። ሰፈሩም ተከተላቸው፤ እናቴ ትከበራለች፣ ማዶዋ ትወደዳለች። እኔም ከጀርባው መቆሜን ተውኩ። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ፣ «ምነው ጠፋሽ? ጥላሽ ናፈቀኝ» አለኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

በአሥር ሳንቲም ድርቆሽ ገዝቶ ማቅረብ አላዋጣትም። የማዶዋ ሴት መጀመሪያ ድርቆሹን ተወች፣ ከዚያ የኮርቻውን ዳስ አፈረሰች፣ በዓመቱ ችካሎቹን ነቅላ ግቢዋን ለገብስ ነጋዴ አከራየች። ፈረሰኞቹ ወደ እኛ መጡ። ግቢያችን ሁልጊዜ ሙሉ ሆነ፤ እኔም በሰላም ከክፍል ወደ ክፍል አለፍኩ። ያገኘሁት ይህ ነው። እናቴን ግን አላገኘኋትም። ቀድሞ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር የምትሻገረው፤ አሁን ጠዋትም ትሻገራለች፤ ልጇ ተበድላባታለችና። ሁለቱ ጸሐፊውን ሲያሙ ይበልጥ ተዋደዱ። እኔ ነኝ ያዋደድኳቸው።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ። በሦስተኛው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ የጸሐፊው ሚስት ሞተች።

ቀብሯ ላይ ከሩቅ ቆሜ ነበር። ዝናብ ያካፋል። ያንኑ የሥራ ጃንጥላውን ይዞ፣ ማን እንደመጣ ለማየት ዞር ዞር ሲል አየሁት። ከሰፈራችን አራት ሰው ብንሆን ነው። በአገራችን ሰው ተጣልቶም ለቅሶ አይቀርም፤ ለቅሶ መቅረት ከመጣላት ሁሉ የከፋው ነው። በሠልስቱ ጠዋት ድንኳኑ ባዶ እንደሆነ ሰማሁ። ቤት ገብቼ፣ «እማዬ፣ ለቅሶ አንሄድም?» አልኳት።

«የማን ለቅሶ?» አለች፣ ሳታየኝ።

«እሷ ምን አደረገች?»

«ሚስቱ ናት። የሰው እንጀራ የዘጋ ሰው ደጅ አልረግጥም። ያ የገሰራ ሽማግሌ ይፍረደኝ።»

መንገዱን ተሻገርኩ። የማዶዋ ሴት ግቢዋ ውስጥ የተበተነ ገብስ ትጠርግ ነበር። ችካሎቹ የነበሩበት ጉድጓድ ሁሉ ውሃ ቋጥሯል። መጥረጊያውን አቁማ አየችኝ፤ እዚያ ግቢ ብቻዬን ገብቼ አላውቅም።

«እትዬ» አልኩ፣ «ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«የቱን ማመልከቻ?»

«የማዘጋጃ ቤቱን። የችካሉን።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አንቺ? ያኔ ሁለተኛ ክፍል አልነበርሽም እንዴ?»

«ሦስተኛ» አልኩ። በዚያች ሰዓት እንኳ ማረም አልቀረልኝም።

«ለምን?» አለች።

ስለ ፍትሕ፣ ስለ እኩል ዋጋ፣ ሌላ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አልወጣም። «እናቴ እርስዎን ልጄ ትላለች» አልኩ።

ልታቅፈኝም ልትመታኝም እጇን አላነሳችም። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ ቀስ ብላ አስደገፈችው። «ሦስት ዓመት» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። «ሦስት ዓመት ሰላም ሲለኝ ፊቴን አዞርኩበት። ባለፈው ሚስቱ ታማ ወተት ፈልጎ ልኮብኝ የለም አልኩ። ነበረኝኮ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ማልቀስ ስጀምር፣ «ተይ» አለችኝ። «ያንቺን ሌላ ቀን እናወራዋለን፤ አልረሳውም። ዛሬ ለቅሶ ነው።» ጥቁር ሻሿን አስራ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። እኛ ደጅ ላይ ቆማ እናቴን ተጣራች።

«እትዬ! ነጠላዎን አዘቅዝቀው ይውጡ!»

«ወዴት?»

«ጸሐፊው ቤት።»

«ምን ነካሽ ልጄ?»

«ልጅዎ መንገድ ላይ ትነግርዎታለች» አለችና ፊት ፊት ሄደች፤ ሆን ብላ፣ እንዳትሰማን አርቃ።

እናቴ በጭቃው ላይ ቀሚሷን ሰብስባ ከጎኔ ሆነች። «ምንድን ነው እሱ፣ አንቺ?» አለች። የጸሐፊው ቤት ሩቅ ስላልነበረ ቶሎ ነገርኳት።